ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦ ስለ ዲከረንስ፣ ስለ ልማድና ስለ ተፈጥሮ ሕግ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው፣ በተለይ አዲስ ቅዳምን ሲቃረብ፣ ግራና ቀኙን ለብዙ ዓመታት አልብሶ የሚያየው አንድ ዛፍ ነበር። የአገሩ ሰው «ዲከረንስ» ይለዋል። ከደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። አሲድ አጥቅቶት እህል አላበቅል ያለውን የፋግታ ለኮማ ማሳ ይህ ዛፍ አረንጓዴ አለበሰው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በቀጣዩ ዓመት በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስላል፤ ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ እሳት የነካው አፈር ደግሞ እንደገና ጤፍ ይቀበላል። በዚህ ዑደት ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፤ ልጅ ተማረ፤ ዕዳ ተከፈለ። ለሃያ ዓመታት ገደማ ዛፉ ገበሬውን አላሳፈረውም።

በ2012 ዓ.ም. ገደማ ግን ነገሩ ተለወጠ። በቅጠሉ ላይ ቡናማ ዱቄት ታየ፤ ቀንበጡ ተጣመመ፤ ችግኙ ቀጨጨ፤ ለመቆረጥ ጥቂት የቀረው ዛፍ ሳይቀር ቅጠሉን አራግፎ ደርቆ ቆመ። ተመራማሪዎች መርምረው ዩሮሚክላዲየም አካሺዬ የተባለ ፈንገስ መሆኑን ለዩ። በገበሬው ቋንቋ ዋግ ማለት ነው፤ ስንዴን የሚመታው ዋግ ሳይሆን የእርሱ ዘመድ የሆነ የዛፍ ዋግ። ይህም ጠላት እንደ ዛፉ ሁሉ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ዛፉ ቀድሞ ደረሰ፤ ጠላቱ ዘግይቶ ዱካውን ተከተለ።

ከጥፋቱ በኋላ ሁለት ድምፆች ተሰሙ። አንደኛው፣ «ማን ሊያስበው ይችል ነበር? ሃያ ዓመት የሠራ ነገር ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «እንግዲህ ሳይንስ የተባለውም ያው እምነት ነው፤ ከአያቶች ንግርት በምን ይበልጣል?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ከቢሮ፣ ሁለተኛው ከቡና ቤት ጠረጴዛ ይበልጥ ይሰማል። ሁለቱ ተጻራሪ ይመስላሉ፤ ሆኖም የአንድ ስሕተት መንታ ልጆች ናቸው። ሁለቱም «የተፈጥሮ ሕግ» ማለት አንድ ጊዜ ተፈርሞ ለዘላለም የተሰጠ የርስት ደብዳቤ ነው ብለው ያምናሉ። አንደኛው ደብዳቤው በእጄ አለ ይላል፤ ሌላው ደብዳቤው ሲቀደድ ባየ ጊዜ ርስት የሚባል ነገር ከቶ የለም ብሎ ይደመድማል። ጉዳዩ የግብርና ባለሙያዎች ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። በየመማሪያ ክፍሉ፣ በየስብሰባ አዳራሹና በየመድረኩ «ሕግ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚነገር የሚወስኑት መምህሩ፣ ካድሬውና ከያኒው ናቸውና ጥያቄው እነርሱን በቀጥታ ይመለከታል።

ጥያቄው ጥንታዊ ባለቤት አለው። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 ማሳተም በጀመረው ትልቅ ሥራውና በ1748 ባወጣው አጠር ያለ መጽሐፉ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ እስከ ዛሬ የታየው ሁሉ ነገም እንደሚደገም የሚያረጋግጥ ምን ማስረጃ አለ? በንጹሕ አመክንዮ ማረጋገጥ አይቻልም። «ፀሐይ ነገ አትወጣም» የሚል ሰው ሐሰት ይናገር ይሆናል እንጂ እርስ በርሱ የሚጣረስ ቃል አልተናገረም። በልምድም ማረጋገጥ አይቻልም። «ያለፈው እስከ ዛሬ ለሚመጣው አስተማማኝ ምስክር ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ ወደፊትም ይሆናል» ማለት፣ ተከሳሹን ለራሱ ምስክር አድርጎ ችሎት ፊት ማቆም ነው። በሥነ አመክንዮ ኢንዳክሽን የሚባለው፣ ከተናጠል ተነሥቶ ወደ ጠቅላላ የሚደርሰው ድምዳሜ፣ በሂዩም ምርመራ መሠረቱ ማስረጃ ሳይሆን ልማድ ሆኖ ተገኘ።

እንግሊዛዊው በርትራንድ ረስል እ.ኤ.አ. በ1912 ይህንኑ ችግር በዶሮ መሰለው። የረስል ዶሮ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለችም። በዐቢይ ጾም መግቢያ ከገበያ የተገዛች ዶሮ ሃምሳ አምስት ማለዳ ጥሬ ይበተንላታል። በየማለዳው እምነቷ ይጠነክራል። በሃምሳ አምስተኛው ማለዳ ከማንኛውም ቀን ይልቅ እርግጠኛ ናት፤ ያ ማለዳ ግን የፋሲካ ዋዜማ ነው። ከዚሁ ግቢ ማዶ የሚኖረው፣ ባሕረ ሐሳብ የተማረው ደብተራ የፋሲካን ዋዜማ ገና በመስከረም ያውቀዋል። ዶሮዋና ደብተራው ያሳለፉት ማለዳ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው እርሷ ማለዳዎችን መቁጠሯ፣ እርሱ ግን ማለዳዎቹ የሚሰለፉበትን ሥርዓት መመርመሩ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ድምፅ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። «ሃያ ዓመት ሠርቷል» የሚለው ክርክር የዶሮዋ ክርክር ነው። ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ እንደማይሆን ካድሬው ከማንም በላይ ሊያውቀው በተገባ ነበር። ዕውቀትን ሁሉ በኢንዳክሽን ላይ ብቻ የሚያቆሙትን ሰዎች ፍሪድሪክ ኤንግልስ አጥብቆ ተችቷቸዋል። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው የተፈጥሮ ዲያሌክቲክስ መጽሐፉ ላይ የእንፋሎትን ሞተር ምሳሌ አድርጎ፣ አንዱን ሞተር መርምሮ የተገኘውን እውነት የሞተሮች መብዛት እንደማያጸናው አስረድቷል። ይህን በቃል ያጠና ትውልድ ዕቅድ ሲያወጣ ግን ያለፈውን ዓመት ቁጥር ወስዶ መቶኛ ይጨምርበት ጀመር። የሚተከለው ችግኝ ተቈጠረ፤ የሚመረተው ጆንያ ተቈጠረ፤ የተሸፈነው ሄክታር ተቈጠረ። ያልተቈጠረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዛፉ ጤነኛ ሆኖ የቆየበት ምክንያት ነው።

ምክንያቱ ደግሞ ምሥጢር አልነበረም። ከትውልድ አገሩ ርቆ የተተከለ ዛፍ ብዙ ጊዜ የሚፋፋው ጠላቶቹን ባሕር ማዶ ትቶ ስለሚመጣ ነው። «ዲከረንስ በአዊ ምድር ይስማማል» የሚለው አባባል ሙሉ ቃሉ፣ «ዋጉ እስኪደርስበት ድረስ ይስማማል» ነበር። ሁለተኛው ሐረግ አልተጻፈም። ያልተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ደግሞ እንደሌለ ይቈጠራል።

ማስጠንቀቂያም አልጠፋም ነበር። ይኸው ፈንገስ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 በቅጠል ላይ ብቻ የሚታይ ቀላል ነገር ሆኖ ተመዘገበ። በ2013 ግን የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ በሆነው ጥቁር ግራር ላይ ድንገተኛ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ። የዚያ አገር ዛፍ ሃያ አምስት ዓመት ከበሽታው ጋር በሰላም ኖሮ ነበር የወደቀው። ያ ዜና በአዲስ ቅዳም መንገድ በየትኛው የግብርና ባለሙያ ቦርሳ ተጓዘ? በየትኛው ቀበሌ ስብሰባ ተነበበ? የገዛ አገር ታሪክም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳና ገለማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ሲመታ ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ጸንቶ ቆመ። ጸንቶ በመቆሙም ተመሰገነ፤ ተባዛ፤ ብዙ ማሳ ሸፈነ። በ2013 ግን በባሌና በአርሲ ሌላ ጠላት፣ የግንድ ዋግ፣ መጣበትና ዲጋሉ ወደቀ። ከአንዱ ዋግ መዳኑ ከሁሉ ዋግ መዳን መስሎ ነበር። ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ምስክርነት ይዞ ለነገ ዋስ መጥራት ምን እንደሚያስከትል የኢትዮጵያ ገበሬ በራሱ ሆድ ከፍሎ ተምሮ ነበር። በስንዴ የተማረውን ለዛፍ የሚተረጉምለት ሰው ነበር የጠፋው።

ፈላስፎች ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ሲጠቅሱት የኖሩት ምሳሌ ራሱ ከአውስትራሊያ መገኘቱ ይደንቃል። አውሮፓ ለብዙ ዘመን ያየው የስዋን ወፍ ሁሉ ነጭ ነበርና «ስዋን ሁሉ ነጭ ነው» የሚለው የማይነቃነቅ እውነት ይመስል ነበር። ሆላንዳዊው መርከበኛ ዊለም ደ ፍላሚንግ እ.ኤ.አ. በ1697 በምዕራብ አውስትራሊያ ጥቁሩን ስዋን አየና ነገሩ አበቃ። ለሎጂክ መምህራን ጥቁሩን ስዋን የሰጠችው አገር ለአዊ ዛፉንም ዋጉንም ሰጠች። ወፉ መጽሐፍ ውስጥ ቀረ፤ ዋጉ ግን ከገበሬው ማሳ ገባ።

መምህሩም ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጥም። «ውሃ በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በእንጅባራ መማሪያ ክፍሎችም እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ይጻፋል፤ ተማሪውም በቃሉ ይዞ ይፈተንበታል። እንጅባራ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተጣደው ማንቆርቆሪያ የሚፈላው ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ነው። ሕጉ ስሕተት አይደለም፤ «በባሕር ወለል ደረጃ በሚገኝ የአየር ግፊት» የሚለው ሐረግ ነው የተጣለው። ተማሪው ቴርሞሜትር ይዞ ቢለካ ከሁለት አንዱን ይጠራጠራል፤ ወይ መሣሪያውን ወይ መጽሐፉን። የሚያሳዝነው ግን ብዙውን ጊዜ መለካት ራሱ አለመኖሩ ነው። ቅድመ ሁኔታው የተጣለበት ሕግ ከድግምት አይለይም፤ ተማሪው ከአያቱ ንግርት አውጥቶ ወደ ሌላ ንግርት አስገቡት ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ አድጎ የግብርና ባለሙያ ሲሆን «ዲከረንስ ይስማማል» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ሳይጠይቅ ቢቀበል ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ድምፅ፣ ማለትም የቡና ቤቱ ተጠራጣሪ፣ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። «ታዲያ ይኸው ሁሉም እምነት ነው» ይላል። እርሱም ግን አላሸነፈም። በአዊ ኮረብታዎች ላይ የፈረሰው የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ዋጉ በነፋስና በእርጥበት ተስፋፋ፤ የሚመቸውን ዛፍ አገኘ፤ በደቡብ አፍሪካ ያደረገውንም አደረገ። ተፈጥሮ ቃሏን አላጠፈችም፤ ያልሰጠችውን ቃል ሰጥታለች ብሎ የተዋዋለው ሰው ነው። እንዲያውም በሽታው ምን እንደሆነ የታወቀው፣ ዘመዶቹ የተለዩት፣ ከየት እንደመጣ የተጠረጠረው ተጠራጣሪው በሚንቀው በዚያው የምርመራ መንገድ ነው። ንግርት ዋጉን በስሙ አልጠራውም። ተጠራጣሪው ራሱ በምላሱ የካደውን በእጁ ያምናል፤ ቡናው እንዲፈላ ጀበናውን ከእሳት ላይ ይጥዳል እንጂ ከበረዶ ላይ አያኖርም። ሂዩም ራሱ ጥርጣሬው እስከ ምን እንደሚያደርሰው ካየ በኋላ ከወዳጆቹ ጋር ገበታ ቀርቦ መብላቱንና መጫወቱን አልተወም፤ ይህንንም አልደበቀም።

ይሁን እንጂ የሂዩም ጥያቄ በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። «ምክንያቱን ስናውቅ ከዶሮዋ እንለያለን» ለሚል ሰው ሂዩም፣ «ምክንያቱ ነገም ምክንያት ሆኖ እንደሚቀጥል በምን ታውቃለህ?» ብሎ ይመልስለታል። ደብተራውም ቢሆን ጨረቃ ዑደቷን እንደምትጠብቅ አምኖ ነው የሚያሰላው። ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ እስከ ዛሬ የማያዳግም መልስ አልተገኘም፤ መልስ አለኝ የሚልም ካለ ሊመረመር ይገባዋል። ኦስትሪያዊው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1934 ከጥያቄው በሌላ በር ለመውጣት ሞከረ። ሳይንስ ደጋፊ ማስረጃ መሰብሰብ ሳይሆን፣ «ይህ ከታየ ተሸንፌአለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው አለ። ይህ ታላቅ ሐሳብ ነው፤ ግን ለገበሬው ብቻውን አይበቃም። ገበሬው በሰኔ አንድ ነገር መትከል አለበት፤ «ያልተሸነፈ ግምት አለኝ» ብሎ መሬቱን ጦም ማሳደር አይችልም።

ስለዚህ ሊያዝ የሚገባው አቋም ይህ ነው፦ የተፈጥሮ ሕግ ከሚባለው የሰው ዕውቀት ውስጥ ዘብ የማይፈልግ የለም። እርግጠኝነት ባይኖርም ጥበቃ ሊኖር ይችላል። ጥበቃ ማለትም ሦስት ነገር ነው፤ ቅድመ ሁኔታውን መጻፍ፣ የሚያፈርሰውን ምልክት አስቀድሞ መናገር፣ ምልክቱም መጥቶ እንደሆነ በየዕለቱ ማየት። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ለበዓል የሚወጣውን የአዊን ፈረሰኛ ያየ ሰው ይህን ያለ ፍልስፍና ይረዳዋል። ፈረሱን ያምነዋል፤ ስለሚያምነው ነው በላዩ የሚቀመጠው። ሆኖም ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ የኮርቻውን ማጥበቂያ በእጁ ይፈትሻል። ትናንት አልላላምና ዛሬ አይላላም አይልም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ ያውቃል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ምኞት አለመሆኑን ለማየት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ መውረድ ብቻ ይበቃል። በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከነዋሪው ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታ፣ የጉድጓዱን ውሃ ጥልቀት የሚለኩትና የሚመዘግቡት የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። መዝገቡ በ2016 ተመርምሮ ሲታተም፣ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ፣ ከሳተላይት ግምትም ይልቅ ለቦታው እውነት የቀረበ ሆኖ ተገኘ። «ክረምት ውሃ አይጠፋም» የሚለው የአባቶች ቃል በዚያ መዝገብ አልተሻረም፤ አልተመለከም። ስንት ሚሊ ሜትር፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ጉድጓድ ተብሎ ተጠየቀ። ኋላ ቀር ተብሎ ሲነገርለት የኖረው ገበሬ የሕግ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ። የዝናብ መለኪያ የያዘ ቀበሌ የቅጠልን ቀለም መመዝገብ ምን ይሳነዋል? በየችግኝ ጣቢያውና በየማሳው ጠርዝ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ዋጉን ላያቆመው ይችል ነበር፤ ግን ከአንድ ቀበሌ ሳይወጣ ሊታይ፣ ገበሬውም ቀሪውን መሬቱን በሌላ ዛፍ ሊከፍል ጊዜ ባገኘ ነበር።

ከያኒውም የራሱ ዕዳ አለበት። ለዐሥርት ዓመታት በመድረክ የታየው ተውኔት አንድ መልክ ነበረው። ቦርሳ ያነገተው ባለሙያ እውነትን ከከተማ ይዞ ይመጣል፤ የሚጠይቀው ሽማግሌ ግትርና አድኃሪ ነው፤ በመጨረሻው ትዕይንት ሽማግሌው ያፍራል፤ ተመልካቹ ያጨበጭባል። ጥርጣሬ የጠላት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተጻፈ። በእርግጥ ዕድገትን የሚቃወም ግትርነት አለ፤ መተቸትም አለበት። ግን «ይህ ዛፍ በአገሩ ምን ይበላዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ግትር አይደለም፤ ከመድረኩ ላይ ብቸኛው ሳይንቲስት እርሱ ነው። የዛሬ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ሽማግሌ ከውርደት አውጥቶ ሊያናግረው ይገባል። ገጣሚውም ለዕቅድ ማስፈጸሚያ ዛፍን ዘላለማዊ አድርጎ ከማወደስ ይቆጠብ። ሕግን እንደ ዐዋጅ የሚያስነግር ኪነ ጥበብ ሰውን አያነቃም፤ ያስተኛዋል።

ነገሩ የታሪክ ብቻ አይደለም። ዲከረንስ በወደቀበት መሬት ላይ ቀጥሎ ምን ይተከላል የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው። «ባሕር ዛፍ መቶ ዓመት አላሳፈረም» የሚል መልስ ከተሰማ፣ ያው ዶሮ እንደገና እየተናገረች መሆኑ ይታወቅ። ባሕር ዛፍም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል፤ ጠላቶቹም ባሕር መሻገር አይሳናቸውም። የደጋው ቀርከሃ አለ፤ የአገር በቀል ዛፎች አሉ፤ አሲዳማውን አፈር በኖራ አክሞ ወደ እህል የመመለስ መንገድም አለ። ከእነዚህ የትኛውም ቢመረጥ ብቻውን መሬቱን ሁሉ ሊወርስ አይገባውም፤ እያንዳንዱም «ይስማማል» ሲባል «እስከ መቼና በምን ሁኔታ» የሚለው አብሮ ይጻፍ። መምህሩ በሰሌዳው፣ ካድሬው በዕቅዱ፣ ከያኒው በመድረኩ ይጻፈው።

አበው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል። ቃሉ ለጠላት ወሬ ለሚሸበር ፈሪ የተነገረ መስሎ የሚሰማው ሰው ይኖራል። በፋግታ ለኮማ ጎዳና ቆሞ የተመነጠረውን ኮረብታ ያየ ግን፣ ስለ ማወቅ የተነገረ ቃል መሆኑን ይረዳል።